የተዘለለችው መስመር

ልጄ ሆይ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምላሱ ደህና ነው።

አራሚውን ጋሼን ታስታውሻለሽ? ማተሚያ ቤቱን ስጠርግ ከተጣለ ወረቀት ላይ ፊደል ስለቃቅም አይተው ያልሳቁብኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ደከመ። ሥራ አስኪያጁም "በቃ ይረፉ" አላቸው።

ጋሼ ደግሞ ቤት ከዋሉ በሕይወት አይቆዩም። እንደ ምንም ደፍሬ "እኔ ጮክ ብዬ ላንብብላቸው፣ እሳቸው በጆሯቸው ያርሙ" አልኩት። "እስቲ በዚህ መጽሐፍ ይሞከር" ተባለ። ስናርም ነጥቡም በቃል ስለሚነበብ አፌ ለምዶብኝ ቤትም ያመልጠኛል። አባትሽ "ራት ቀርቧል፣ አራት ነጥብ" እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ሳነብ ጋሼ እጃቸውን አነሱ። "ቆዪ እስቲ፣ ሴትየዋ ከአልጋዋ ሳትነሳ በሩን እንዴት ከፈተች?" ከረቂቁ ጋር ብናስተያየው እውነትም መስመር ተዘሏል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ሁለታችሁም አብራችሁ ሥሩ" አለ። ጋሼ መሀረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ጠረጉ፤ አያዩበትም እኮ!

ሲበርድ ደርበሽ ልበሺ፤ ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ። ሲመችሽ ደግሞ በእጅሽ ጻፊልኝ፤ የስልኩ ወሬ ቶሎ ያልቃል። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ለጋሼ አነበብኩላቸው። እጃቸውን አነሱ።

"ምን ተሳሳትኩ?"

"አልተሳሳትሽም። አንድ መስመር ዘለሻል።"

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ናፍቀሽኛል ልጄ፣ አራት ነጥብ።

እናትሽ