ለሙቀቱ የትኛው ሽቶ ይሻላል ላልከኝ

ውድ አማቼ፤

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ነገር አይምሰልህ።

እሑድ ዕለት መኪናህን እንኳ ሳታጠፋ በር ላይ ቆመህ ሁለት የተጀመሩ ሽቶዎች አስታቀፍከኝ። «እማማ፣ ከቁም ሳጥኗ ውስጥ ነው ያገኘኋቸው። አንዱ ጽጌረዳ፣ አንዱ ጃስሚን። ሟች በሙቀት ጊዜ የምትቀባው የቱን ነበር? ለሙሽራዬ እሱኑ ልግዛላት ብዬ ነው። ሽታው ለምዶብኛል።»

ልጄን እንደ ፖሊስ ሪፖርት «ሟች» አልካት። ሽታው የለመደብህ ሰውዬ ደግሞ የቱ እንደሆነ አታውቀውም። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ አንተን ሳይ ገባኝ። ልጄን ልጄን የምትሸት ሴት መንገድ ላይ ብታልፈኝ ምን እንደምሆን አላሰብክም። ማሰብ መቼ ለምዶብህ።

እሺ፣ ልንገርህ። ጽጌረዳውን የገዛህላት አንተ ነህ። ረስተኸዋል። ፀሐይ ሲበረታ ራሷን ይፈልጣት ነበር። እኔ ቤት ስትመጣ ሳትቀመጥ ቧንቧው ጋ ሄዳ አንገቷን በሳሙና ትፈትጋለች።

«ለምን አትነግሪውም?» እላታለሁ።

«እማ፣ ደስ ብሎት ነው የገዛልኝ። ደግሞ ምን አለበት፣ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ መምጣቴን ይነግርልኛል» ብላ ትስቃለች።

ጃስሚኑን ራሷ ገዛችው። ፋርማሲ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ በሽተኛ እንዳይረብሽ ብላ፣ ቆዳዋ ላይ ሳይሆን ሸሚዟ ጫፍ ላይ ጠብ ታደርገው ነበር። ያቀፋት ሰው ብቻ ነው የሚሸተው። አንተ አልሸተተህም።

ጽጌረዳው ነው ብዬህ ያችን ሴት ራሷን ላስፈልጣት አምሮኝ ነበር። ግን እሷ ምን በደለችኝ?

ስለዚህ መልሴ ይኸው፦ ለሙቀት ጃስሚኑ ይሻላል። እሱ ግን የልጄ ነው፤ እኔ ጋ ቀርቷል፤ ተመሳሳዩንም እንዳትገዛ። ጽጌረዳውን ልኬልሃለሁ። ከወደድከው አንተው ተቀባው።

ለሙሽራህ ምን እንደሚስማማት እሷኑ ጠይቃት። ዝም ካለችህ ወደደችው ማለት አይደለም። የእኔም ልጅ ዝም ብላህ ነው የሄደችው።

አማትህ የነበርኩት