የአባባ እግሮች

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? እኛ ድካሙ ቢበረታም አለን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አባባም ከጣሪያ ወድቀው የተጎዳውን ህብለ ሰረሰራቸውን ይጠግናል ተብሎ ከአፍንጫቸው የተወሰደው ሴል ከተተከለላቸው ወዲህ ቁስላቸው ደርቋል። ሐኪሙ "ነርቭ ቶሎ አያገግምም፤ ታገሡ" ይላል። እሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ "ዛሬ የእግሬን ጣት ነዘረኝ" እያሉ ያወራሉ። እኔም ጠዋት ማታ እግራቸውን ሳፍታታ ወገቤ ሐኪም ቤት ተራ ሊይዝ ነው።

ትናንት እግራቸውን ላጥብ ሳፋ አቀረብኩ። መብራት ስለጠፋ ውሃውን ማሞቅ አልቻልኩም፤ ከቧንቧ እንደተቀዳ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት ዓይናቸውን ጨፍነው፣

"ተባረኪ ልጄ፣ ሙቀቱ እስከ ጉልበቴ ተሰማኝ" አሉ።

"እንዳይፈጅዎት ብዬ ለዘብ አድርጌዋለሁ" አልኳቸው። ከዚያ ፎጣ ላመጣ ብዬ ወጥቼ ኩሽና ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ።

መራመጃ ብረት እልካለሁ ያልከውን ነገር ለጊዜው አትቸኩልበት። እንደምታውቀው ቤቱ ጠባብ ነው።

አባባ ናፍቆታቸውን ልከውልሃል። ዓይንህን በደህና ለማየት ያብቃን።

ታናሽ እህትህ