እግሬ ፍሬኑን ሲያጣው

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ ያ በመጋዝ ዱቄት የታፈነው የእንጨት ሥራ ቤትህስ እንደምን አሉ? የግራ ጉልበትህ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ከአንተ ቀድሞ ይናገራል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። «አለሁ» ስልህ በስልክ እንደምንባባለው ዓይነት እንዳይመስልህ። በስልክ አንተ «ደህና ነህ?» ትላለህ፣ እኔ «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» እላለሁ፣ አንተም «ደህና» ትላለህ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ አውርተን እንዘጋዋለን። ሁለታችንም የአባታችን ልጆች ነን፤ ሕመማችንን ከአፋችን በጉጠት ካልጎተቱት አይወጣም። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ወረቀት ያዝኩ። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ቢሉብህ ይቅር በለኝ፤ የጣቶቼ ጫፍ እስክሪብቶውን በደንብ አይሰማውም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

እንዴት እንደጀመረኝ በደንብ አጫውቼህ አላውቅም። ሾፌር ሽንቱን መያዝ የሚማረው መሪ ከመያዙ በፊት ነው፤ እኔም ስኮራበት የኖርኩት ነገር ቀስ በቀስ ከዳኝ። አውቶቡሱን እየደጋገምኩ ዳር አስይዤ እወርድ ጀመር። ጎማ የማይ መስዬ ወደ ኋላ እዞራለሁ፤ ቆሜ ቆሜ ጠብ የምትለው ግን ለአመል ያህል ናት። አንድ ቀን ተመልሼ ስገባ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ጮክ ብለው «ልጄ፣ የሚያፈሰው መኪናው ነው ወይስ አንተ?» ብለው ተሳፋሪውን ሁሉ በሳቅ ገደሉት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እቤት ስገባ ግን ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም። ወገቤን ሲያመኝም የወንበሩ ነው አልኩ። ሐኪም ዘንድ የደረስኩት ሽንቴ ጭራሽ ተዘግቶ ስጮህ ጎረቤት ደጋግፎ ወስዶኝ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑንና ወደ አጥንቴም መሻገሩን በአንድ ቀን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ፤ ሥራህን ዘግተህ መጥተህ፣ ኬሞው በክንዴ ሲንጠባጠብ አጠገቤ ተቀምጠህ ስታንኮራፋ ሲስተሮቹ ከሁለታችን በሽተኛው የቱ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር።

የማታውቀው ኬሞው ካለቀ በኋላ ያለውን ነው።

የመጨረሻውን የወሰድኩ ቀን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ስልኩ አላርፍ አለ። እኔም በነጋታው ጫማዬን ወልውዬ ሥራ የምገባ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ያ መድኃኒት በሽታውን ሲያባርር ቤቱንም አተራምሶ ነው የሚወጣው። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ደርሼ ስመለስ ዳገት የወጣሁ ያህል ልቤ ድው ድው ይላል። እግሮቼ አብጠው ጫማ አልገባ አላቸው፤ ጥፍሮቼ ጠቁረው አንድ በአንድ ወለቁ። ምግብ ደግሞ የብረት ቁልፍ እንደመምጠጥ ሆነብኝ፤ ሾርባውም ቁልፍ፣ እንቁላሉም ቁልፍ፣ ብርቱካኑም ቁልፍ። ባለቤቴ ጨው ብትጨምር፣ ሎሚ ብትጨምር ያው ነው። በመጨረሻ ሰለቻትና «ቁልፉን እንዲህ በልተህ ከጨረስክ፣ ነገ በሩን ቀቅዬ አቀርብልሃለሁ» አለችኝ። ፀጉሬ ከነቅንድቤ ሄደ። ልጃችንም ሥራ ከያዘችበት ለጥየቃ ስትመጣ «አባዬ፣ አንተ እቤት ካለህ መብራት ማብራት ለምን ያስፈልጋል?» እያለች አናቴን ትስመኛለች።

ከኬሞው ሌላ የወንድ ሆርሞን የሚያደርቅ መርፌ በየጊዜው እወጋለሁ፤ አሁንም አልቆመም። እሱ ድንገት ከደረቴ ተነስቶ እስከ አናቴ የሚወጣ እሳት ይለቅብኛል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሲነሳብኝ መስኮቱን በርግጄ በጋዜጣ ሳራግብ፣ ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠችና በሳቅ ፈነዳች። «እሰይ! አሁን ገባህ? እኔን በዕድሜዬ ሲያቃጥለኝ ‹ዝጊው፣ ብርድ ልታስመቺኝ ነው› ስትለኝ የነበርክ ሰውዬ!» አለችኝ። የዚያኑ ዕለት ማራገቢያዋን አወረሰችኝ።

ቀጥሎ ያለውን ለሌላ ሰው አልጽፈውም። መርፌው የሚያመጣው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስትን የሚያገናኘውንም ነገር ይዞት ይሄዳል። ሰውነቴ እምቢ ቢል ደግ፤ ፍላጎቱም እንደ ጠፋ ኩራዝ ጭል ሳይል ቀረ። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ሲነግሩህና ሲደርስብህ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አፈርኩ። ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ላቤ አንሶላውን እያራሰ እንቅልፍ ነሳሁሽ» አልኳትና ትራሴን ይዤ ልጃችን ወደለቀቀችው ክፍል ተሻገርኩ። እንደ ሆቴል እንግዳ «ደህና አደርክ»፣ «ደህና እደሪ» እየተባባልን፣ ተከባብረን ከረምን።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ጠባብ አልጋ ጋደም ብዬ ሳለሁ፣ ትራሷን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። «እስኪ ፈቀቅ በል» አለችኝ። አልጋው አይበቃንም አልኳት። «ይበቃናል፤ አንተ እንደሆን ግማሽህ አልቋል» ብላ ሳትስቅ አጠገቤ ገባች። ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «ያን ሁሉ ዓመት አንተ መንገድ ላይ ስታድር ብቻዬን ተኝቻለሁ፤ ሥራ ነው ብዬ። አሁን እቤት ቁጭ ብለህም ብቻዬን ልደር?» አለችኝ። እኔ ታላቅ ወንድምህ፣ ያ በጭጋግ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ አውቶቡስ የማዞረው ሰውዬ፣ ንፍጤ እስኪንጠባጠብ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ለካ የሰውነቴን ነገር ከሐኪሟ ጠይቃ አውቃዋለች። ያላወቀችው ለምን እንደሸሸኋት ነው። «እኔ ሰልችቼህ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደነበር ልጽፍልህ አልችልም። ትራሴ የዚያኑ ዕለት ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን እጄን ይዛ ትተኛለች፤ ወሬያችን ደግሞ ከሙሽርነታችን ጊዜ በልጧል።

ቀስ በቀስ ጉልበቴ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ዳቦው ዳቦ ዳቦ ሲለኝ ጮህኩ፤ ባለቤቴ የወደቅሁ መስሏት ሮጣ መጣች። ፀጉሬም እንደ ጫጩት ላባ ብቅ አለ። ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አይታ «በሽታው አልጠፋም፤ ግን ተኝቷል። እንዳይነቃ እየጠበቅነው አብረን እንኖራለን» አለችኝ። ሁሉም ሲመለስ እግሬ ብቻ ቀረ። ኬሞው ነርቩን ጎድቶት ወፍራም ካልሲ ደራርቤ የለበስኩ ያህል ይሰማኛል። አንድ ቀን ስዞር ውዬ ገብቼ ባለቤቴ ጫማዬን ስታወልቅልኝ ጠጠር ዱብ አለ፤ ካልሲዬ በደም ርሷል። ቀኑን ሙሉ ጠጠር ረግጬ ስዞር አልታወቀኝም። ይህንንም ለሥራ ባልደረቦቼ አልተናገርኩም፤ ሥራ የምገባበት ቀን ደርሶ ነበርና።

መናኸሪያ ስገባ ያደረጉልኝን አቀባበል ብታይ! ሾፌሮቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ አካባቢውን ቀወጡት። የስምሪት ኃላፊያችን፣ ያ በድምፁ ምክንያት «ነጎድጓድ» የምንለው፣ አውቶቡሴን አሳጥቦ አቁሞልኛል። «በል እስኪ ግቢውን ዙርበት፤ ሰኞ ስምሪት ትወጣለህ» አለኝ። አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ሞተሩ ሲነሳ መሪው በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማርሽ አስገባሁ፤ ሄደልኝ። ጥጉ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። የያዝኩ መስሎኝ ነው። አውቶቡሱ መሄዱን ቀጠለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እግሬ ከፍሬኑ ዳር ተንሸራቶ ወለሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ይዟል። በዓይኔ እየመራሁ ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩትና የመኪና አጣቢውን ባልዲ ጨፍልቄ ቆምኩ። አጣቢው ራሱ ከዚያ ቦታ ተነስቶ ፈቀቅ ያለው ከአፍታ በፊት ነበር።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነጎድጓድም «ባልዲዋ መሥዋዕት ሆነች!» ብሎ አጓራ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የሆነውን ያወቀ ማንም የለም። ሰኞን እሺ ብል የሚከለክለኝ አልነበረም፤ እሺ ለማለትም አፌን ከፍቼ ነበር። በመስታወቱ ባዶ ወንበሮቹን ሳይ ግን ጭንቅላታቸውን መስኮት ላይ ጥለው የሚያንቀላፉ ሰዎች ታዩኝ። ሰው ሾፌሩን አምኖ ነው የሚተኛው። መኪናውን አጥፍቼ ወረድኩና ነጎድጓድን ወደ ዳር ጠርቼ «እግሬ ፍሬኑን አያውቀውም» አልኩት። «ተው እንጂ፣ ድካም ነው፣ ይለቅሃል» አለኝ። «ልጆችህን አሳፍረህ ትሰጠኛለህ?» አልኩት። እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበለኝ። ያ ሲናገር ግቢውን የሚያናውጠው ሰውዬ በሹክሹክታ «ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ፤ የትም አትሄድም» አለኝ።

አሁን ስምሪት ክፍል ነኝ። አዲስ የሚቀጠሩትን ሾፌሮች አጠገባቸው ተቀምጬ እፈትናለሁ። ሲፈጥኑ ባዶ ወለል ስረግጥ ያዩኛል፤ እግሬ ባይሰማውም አመሉን አልተወም። መጀመሪያ ሰሞን አውቶቡሴን ሌላ ሰው ይዞት ሲወጣ ፊቴን አዞር ነበር፤ አሁን እጄን አወዛውዛለሁ። ሐኪሟ ነርቭ ቀርፋፋ ነው፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብላኛለች። ባለቤቴ ግን ሊመለስ ነው ብላ ወስናለች፤ ጠዋት ጠዋት ኳስ ከእግሬ ሥር እየከተተች አንከባልል ትለኛለች። በቀደም የቀኝ አውራ ጣቴ ምንጣፉ ሻካራ መሆኑን ነገረኝ። ደስታዬን ብታይ፣ ልጅ የተወለደልኝ ነው የሚመስልህ።

አሁን ወደ መጻፌ ምክንያት ልምጣ። ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሟ «ወንድም አለህ?» አለችኝ። «አንድ አለኝ፤ ከእኔ የሚሻል» አልኳት። ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል፣ ታላቁን ከያዘው ታናሹ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት አለችኝ። ያን ጊዜ አባባ ትዝ አለኝ። በመጨረሻው ዘመኑ «ወገቤን ብርድ መታኝ» እያለ ግድግዳ ሲደገፍ፣ ጓሮ ሄዶ ሲቆይብን፣ እኛም እየተጠቃቀስን ስንስቅ። ብርድ አልነበረም መሰለኝ፣ ወንድሜ።

ስለ አንተ እንኳ ምንም የሰማሁት የለም። እንዲያው በግምቴ ነው። ስትነሳ ስትተኛ የምታድር ይመስለኛል። ከሥራ ቤትህ ጀርባ ካለው አጥር ጋ ቆመህ ትቆይና ሲጠሩህ «ጣውላ እየመረጥኩ ነው» የምትል ይመስለኛል። ሱሪህን ለማንም ሳትሰጥ ራስህ ማጠብ ጀምረህ እንደሆነም እንጃ። «ለወንድሜ እንዳትነግሩት፣ መጀመሪያ እሱ ይዳን» ብለህም ይሆናል። ግምት ነው እንግዲህ።

ይህን ሁሉ የዘረገፍኩልህ ላስፈራራህ አይደለም። የምትፈራውን ነገር ሄጄበት አይቼዋለሁ፤ ሰው ይኖርበታል፣ ይስቅበታልም። ቀድመህ ከደረስክበት ደግሞ እኔ ያየሁትን ሩቡን እንኳ ላታየው ትችላለህ። ምናልባትም ዕድሜ ያመጣው ተራ እብጠት ይሆናል፤ እሱን ግን ሐኪም ይበለው እንጂ አንተ አትበል። መጀመሪያ የሚፈልጉት አንድ ብልቃጥ ደም ነው። በመጋዝህ ከዚያ የበለጠ ስንት ጊዜ አፍስሰሃል።

ስለዚህ ማክሰኞ እመጣለሁ። አትምጣ ብትለኝም አልሰማህም፤ ይህ ሲደርስህ ሻንጣዬን ዘግቻለሁ። እንደማንም ተሳፋሪ በመስኮት በኩል ተቀምጬ፤ ሾፌሩ እኔው የፈተንኩት ነው፣ ቢያጠፋ ከኋላ እጮህበታለሁ። የእኔም የደም ምርመራ ጊዜ ስለደረሰ፣ ሐኪሟ እናንተ ከተማ ባለው ሆስፒታል እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ረቡዕ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ሁለት ሽማግሌዎች እጅጌያችንን ሰብስበን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። መርፌው ሲመጣ እንደ ልጅነትህ ፊትህን ወደ እኔ አዙር፤ ማንም አያይህም።

እስክንገናኝ ፈጣሪ እጅህን ከመጋዝ፣ ቤትህን ከክፉ ወሬ፣ ልብህን ከፍርሃት ይጠብቅልኝ። ዕድሜህን ከእኔ ላይ ቆርሶም ቢሆን ያርዝምልኝ። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ለባለቤትህም ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አደራህን፣ አትቆጣት።

የሚወድህ
ታላቅ ወንድምህ