ለሚያስጠብቁኝ ጠበቃ፣ ከዳቦ ቤቱ መስኮት

ቀን፦ ቁልፍ በተረከብን በስድስተኛው ቀን
ለክቡር ሚስተር አላስቴር ሜለር፣ የቤት ግዢ ጠበቃ
ሞርካም

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጠጉራሙ ውሻዎ፣ እንዲሁም ከየካቲት ጀምሮ ገብተውበት አልወጡም የሚባልልዎ ያ ስብሰባ፣ ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ማለትም ያንሰዋል፤ ይህችን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በገዛ ቤቴ፣ እግሬን ገና ባልተፈታ ካርቶን ላይ ሰቅዬ ስለሆነ ደስታዬን የምችልበት አቅም የለኝም።

የታሸገ ደብዳቤ ሲላክልዎ የመክፈት ልማድ እንደሌለዎ በስድስት ወር ውስጥ በሚገባ ስላስተማሩኝ፣ ይህችኛዋን ራሴ ከፍቼ፣ በትልልቁ ጽፌ፣ በዳቦ ቤታችን መስኮት ላይ ለጥፌያታለሁ። እንደ ልማድዎ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ለምሳዎ ሲሰለፉ ልክ ከዓይንዎ ትይዩ ያገኟታል። አለቃዬም አልተቃወመም፤ "ሰው እያነበበ ይቆማል፣ እየቆመ ይርበዋል" ብሎ ማጣበቂያውን ያቀበለኝ ራሱ ነው።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ጌይነር ክሌግ እባላለሁ፤ ከዚህ መስታወት ጀርባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፓይ፣ ማለትም ውስጡ ተሞልቶ የተጋገረ ሊጥ፣ ሸጫለሁ። አባቴ ዊልፍ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ጥር ዳሌው ተሰበረ። የምንኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ከሆስፒታል ወደ ቤት መመለስ አልቻለም፤ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ብቻ የሚያሳይ የአረጋውያን መጦሪያ ገባ። እኔም ሚስስ ኦድሪ ፒልኪንግተን ከሚባሉ መበለት ላይ ደረጃ የሌላት፣ የኋላ በሯ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚያወጣ ትንሽ ቤት ለመግዛት ተስማማሁ። የባንኩ የብድር ፈቃድ የሚያገለግለው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነበር። ያ ቀን ካለፈ ብድርም የለ፣ ቤትም የለ፣ አባቴም እዚያው መኪና ሲቆጥር ይቀራል። መቼም ገዢና ሻጭ ቢሳሳሙ ዋጋ የለውም፤ ወረቀት የሚነጋገረው ከጠበቃ ወደ ጠበቃ ነውና ጉዳዬን ለእርስዎ አደራ ሰጠሁ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ቋንቋ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት ስለሌለኝ፣ ጠበቃ ማለት የሰውን መብት የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሰውየውን የሚያስጠብቅ ኖሯል። ቃሉን በአፌ ይዤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ትርጉሙን ሳላውቅ መኖሬ ያሳፍረኛል።

ሁለተኛ፤ "መልእክትዎ ደርሶናል፤ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጥዎታለን" ለሚለው ኮምፒውተርዎ ከፍ ያለ ምስጋናዬ ይድረሰው። ከመላው ጽሕፈት ቤትዎ በደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሰሞንማ ሰው መስሎኝ ለአባቴ አነበብኩለት። "ጨዋ ልጅ ይመስላል" አለኝ። ሃያ ሦስተኛውን ሳነብለት "እንግዲህ ለዚህ ልጅ ደሞዝ ይጨመርለት" አለ። ስልክ ላይ ሲያስጠብቁኝ የሚያሰሙኝንም ሙዚቃ አልረሳሁም፤ ዳቦ ቤታችን ውስጥ ሊጥ የሚያቦካው ሁሉ በቃሉ ይዞት ያንጎራጉረዋል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው እውነት ከሆነ ደግሞ ክቡርነትዎ የማዕድን ጉድጓድ ባለቤት ነዎት።

ሦስተኛ፤ ስለ ጸሐፊዎ ስለ ወይዘሪት ክሎይ አመሰግናለሁ። "ሚስስ ክሌግ፣ በየቀኑ መደወልዎ ፋይሉን ያጓትተዋል" ብላ በትሕትና የመከረችኝ እሷ ናት፤ ቆሞ የነበረ ነገር እንዴት እንደሚጓተት ግን አላስረዳችኝም። በግንቦት አንድ ማክሰኞ፣ ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሶ ሳለ፣ ስልኬን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ሸጉጬ ደወልኩ። "ሚስተር ሜለር ከባድ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማቋረጥ አይቻልም" አለችኝ። እውነትም ከባድ ነበር። እርስዎ ፊት ለፊቴ ቆመው በቺዝና ሽንኩርት ፓይ እና በሊጥ በተጠቀለለ ቋሊማ መካከል መወሰን አቅቶዎት ነበር። "የቱ ይሻላል፣ የኔ እመቤት?" ብለው እኔኑ አማከሩኝ። እኔም አምስት የሥራ ቀን ሳልጠይቅ ወዲያው "ፓዩ" አልኩዎ። ክሎይ ገና ስልኩ ላይ ነበረችና "ሲጨርሱ እንዲደውሉልዎ ልንገራቸው?" ስትለኝ "ግዴለም የኔ ልጅ፣ ሊጨርሱ ነው፤ ኬቸፕ ብቻ ነው የቀራቸው" አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ማንነቴን ነገርኩዎ። ደንበኛዎን በፋይል እንጂ በቆብና በሽርጥ አይተው ስለማያውቁ ይሆን፣ ብቻ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "እዚህ ቦታ የደንበኛን ምስጢር ማውራት አልችልም" አሉኝ። "ደንበኛዋ እኮ እኔ ነኝ" ብልዎ "ቢሆንም" አሉ። ከዚያም "በጽሑፍ ያቅርቡልኝ" ብለው ፓይዎን ይዘው ወጡ። ይህችን "በጽሑፍ" የምትል ቃል ልብ ብዬ ያዝኳት።

አራተኛው ምስጋና በሂደት ላይ ነው። አሥር የሥራ ቀናት ይታገሡ።

አምስተኛ፤ ስለ ጥያቄዎ። በሰኔ መጀመሪያ "ከኋላ በሩ ጀርባ ያለው ጠባብ መተላለፊያ የማን ነው?" ብለው ለሚስስ ኦድሪ ጠበቃ፣ ለሚስስ ሂላሪ ብራድሾ ጻፉ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም፤ መተላለፊያው የሌላ ሰው ቢሆን የአባቴ መንገድ ይዘጋ ነበርና እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ሳምንት ቆይቼ ስጠይቅ "ከሌላኛው ወገን መልስ እየጠበቅን ነው"። አራት ሳምንት ቆይቼ ስጠይቅ "ከሌላኛው ወገን"። ስምንት ሳምንት፣ ያው ሌላኛው ወገን። አገሩ ሩቅ ይሆናል፣ ባሕር ያቋርጣል ብዬ ካርታ ልገዛ ነበር። ሌላኛው ወገን ከቢሮዎ ፊት ለፊት፣ ከጫማ ቤቱ በላይ፣ ቀይ መጋረጃ ያለው የሚስስ ብራድሾ መስኮት ነው።

ሚስስ ኦድሪ ደግሞ መልሱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ምስኪን ሴትዮ ዕቃቸውን በመጋቢት አሽገው፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሹካና የሻይ ማንቆርቆሪያ ብቻ አስቀርተው፣ እህታቸው ዘንድ ለመሄድ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ከረሙ። እሑድ እሑድ ብቅ ስል ኩባያውን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው በጎድጓዳ ሳህን ይጠጡ ነበር። ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሟች ባለቤታቸው የፈረሙበትን የድሮ ውል አውጥተው አሳዩኝ፤ መተላለፊያው የቤቱ ነው። "ይኸው ወረቀቱ፣ ልጄ። ቅጂውን ለጠበቃዬ ከሰጠሁ ቆይቷል" አሉኝ። "ታዲያ ይህን እኔ ወስጄ ለጠበቃዬ ልስጠው?" ብላቸው ቆርቆሮውን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። "ኧረ በሕግ አምላክ፤ በእነሱ በኩል ነው መምጣት ያለበት።"

እዚህ ላይ ሳቄን ትንሽ ላስቀምጠው። በመጋቢት አባቴ የመደገፊያ ብረቱን ይዞ ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ይሄድ ነበር። እቆጥርለት ነበር። በግንቦት ስድስት ሆነ። በሐምሌ "ዛሬ ይቅርብኝ" ማለት ጀመረ። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን እያየ፣ "ጌይኒ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከዚህ የምወጣው በቁልፍ ነው ወይስ በሳጥን?" አለኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ቀልድ አስመስሎ። "በሂደት ላይ ነው፣ አባዬ" አልኩት። ያቺን ቃል ከእርስዎ ተውሼ ለገዛ አባቴ መናገሬን መቼም አልረሳውም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ከኋላዎ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሚስስ ብራድሾ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆሙ። ሁለታችሁ በየቀኑ ፊትና ኋላ ሆናችሁ ትሰለፋላችሁ፤ ስለ ዝናቡም በደንብ ታወራላችሁ። በጽሑፍ ያቅርቡ አላሉኝም? እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ ላይ አነሳሁና በእርስዎ ፓይ የወረቀት ከረጢት ላይ "ፋይል ቁጥር 4471፦ ሌላኛው ወገን ከኋላዎ ቆመዋል" ብዬ ጻፍኩ። በእሳቸው ከረጢት ላይ ደግሞ "ከፊትዎ ያሉት ሰው ስለ ኦድሪ መተላለፊያ ሊጠይቁዎ ፈልገው ከሰኔ ጀምሮ አፍረዋል" አልኩ። ሁለቱንም እኩል አቀበልኩ።

አነበባችሁ፤ ተያያችሁ። የተባለውን ሰልፉ ሁሉ ስለሰማ ምስጢር አወጣሽ እንዳይሉኝ።

"ወረቀቱ እኮ ከሰኔ ጀምሮ እኔ ዘንድ አለ" አሉ ሚስስ ብራድሾ።

"ታዲያ ለምን አልላኩልኝም?" አሉ እርስዎ።

"ጥያቄዎ ፊርማ አልነበረበትም። የተፈረመው እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነበር።"

"እንዳልተፈረመ መቼ ነገሩኝ? እኔ እኮ መልስዎን እየጠበቅኩ ነው።"

ዓሣ ነጋዴው ኬኒ ከሰልፉ ጫፍ ላይ ሆኖ "እኔ ደግሞ ፓይ እየጠበቅኩ ነው፤ በቃ ተጋቡና ገላግሉን" አለ።

እርስዎም ጆሮዎ ቀልቶ፣ ቅባት በነካው ከረጢት ላይ ጥያቄውን ጽፈው ፈረሙ፤ ሚስስ ብራድሾም አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። አሥራ አንድ ሳምንት የፈጀው ጉዳይ በአራት ደቂቃ አለቀ። ፓዩ እንኳ አልበረደም።

ወረቀቱ በዚያው ቀን መንገዱን ተሻገረ፤ ቁልፉም የብድር ፈቃዱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው እጄ ገባ። ሚስስ ኦድሪ ሲሄዱ ያችን አንድ ኩባያ ለማስታወሻ ትተውልኛል። አባቴን በተሽከርካሪ ወንበር በዚያው በመተላለፊያው ገፍቼ አመጣሁት። ከኋላ በሩ ስንደርስ "ቁሚ" አለኝ። የበሩን መቃን ይዞ ተነሳ፤ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ወደ ቤቱ ገባና ወንበር አምጪልኝ አለ። ቆጠርኩለት። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ እርስዎ ዘንድ ቀርተዋልና እባክዎ ፋይሉ ውስጥ ፈልገው ይላኩልን።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎ አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ መልስ ይሰጡኛል ብዬ ተስፋ በማድረግ ሳይሆን ይህን ያነባሉ ብዬ በመተማመን፣ ሽርጤን አስተካክዬ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ ታዛዥዎ፣

ጌይነር ክሌግ
(ፋይል ቁጥር 4471)

ግልባጭ፦
ለሚስስ ሂላሪ ብራድሾ፤ ከኋላዎ ስላሉ ዘወር ብለው ያንብቡላቸው
ለኮምፒውተርዎ፤ ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዛሬው የቺዝና ሽንኩርት ፓይ ትዕዛዝዎ ደርሶናል። በአሁኑ ሰዓት ከምድጃው ወገን መልስ እየጠበቅን ነው። እባክዎ መስታወቱን አያንኳኩ፤ ማንኳኳት ፓዩን ያጓትተዋል።