ሳይመርቅ የወረደ የለም

ውድ እማማ መሪማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ተቆጥተውም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይህችን አይነፍጉኝም። ስልኬን አላነሳ ካሉ ወር ሊሆንዎ ነው፤ ስለዚህ በልጅ ልጅዎ በናስር አፍ ልመጣብዎ ነው። ናስር፣ ቀስ እያልክ አንብብላቸው፤ እኔን የማያኮራኝ ቦታ ስትደርስም እንዳትዘል።

ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ከመርሳ የወጣን ቀን ልጄ ህሊና ሚኒባስ ውስጥ ያደረገችውን ልንገርዎ። መኪናው ሙሉ ሰው ሲስቅባት ያስተማሯት እርስዎ ግን እዚያ አልነበሩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጅቱ ሁለት ዓመት እስኪሆናት ከመርሳ ወጥታ አታውቅም። መኪና ማለት ለእሷ ከእርስዎ ደጃፍ ሆና እጇን የምታወዛውዝለት፣ አቧራ አልብሷት የሚያልፍ ነገር ነው። ውስጡ ሰው ይኖራል ብላም አታስብም። መናኸሪያ ደርሰን ረዳቱ በሩን ሲከፍትልን ያ ሁሉ ሰው ጎን ለጎን ተደርድሮ አየች። እማማ፣ እንግዳ የሞላበት ቤት የገባች መሰላት።

ከእቅፌ ተንሸራታ ወረደች። እርስዎ እንዳስለመዷት ከበሩ አጠገብ ካለው ሰው ጀምራ የእያንዳንዱን ቀኝ እጅ እየሳበች መሳም ያዘች። «እደጊ» ካልተባለች ደግሞ ወደሚቀጥለው አታልፍም። አንድ ወጣት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ስለነበር ዝም አላት፤ እሷም እጁን እንደያዘች ቆመች። አጠገቡ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸም ብታደርገው ነው ደንግጦ «እደጊ» ያላት። ሴትዮዋ ዶሮ ታቅፋለች። ህሊና ዶሮዋንም ሰላም ልትል ነበር፤ ዶሮዋ ግን ፈቃደኛ አልሆነችም።

ረዳቱ ልጅቷን ያዣት፣ እንሂድበት ብሎ ተቆጣ። የእሱንም እጅ ሳመችው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ስቤ ከኋላ ወንበር ብቀመጥም ሹፌሩ ቀርቶባታልና እሪ አለች። ሰዉ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ፊት አሳለፋት። ሹፌሩ አገላብጦ ስሞ ከመረቃት በኋላ ነው ከመርሳ የተነሳነው።

አበቃ ብዬ ነበር። ሲሪንቃ ስንደርስ አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት «ወራጅ አለ» ብለው ተነሡ። እንግዲህ ከእርስዎ ቤት እንግዳ ሳይመርቅ ወጥቶ አያውቅም፤ ህሊና ደግሞ ከእርስዎ ቤት ሌላ ቤት አታውቅም። ሁለት መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለች፣ ገና ምንም ሳይባል። አዛውንቱ አንድ እግራቸው መሬት ረግጧል። ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ እግራቸውን ወደ ውስጥ መልሰው፣ ከዘራውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እደጊ፤ ለወላጆችሽ ዓይን ሁኚ። መንገዳችሁን ያቅናው፤ የሸኛችሁንም ሰው በጤና ያቆይላችሁ።»

የወሎ ሰው የተዘረጋ መዳፍ አይቶ እንዴት ዝም ይላል? መኪናው በሙሉ «አሚን» አለ፣ ያ ባለ ስልኩ ሳይቀር። ሹፌሩ ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ ነበር፤ አይደንግጡ፣ መኪናው ቆሟል። ከዚያ ወዲያ እስከ ወልድያ ድረስ ሳይመርቅ የወረደ የለም። ባለ ዶሮዋ፣ እኔ ምርቃት አላውቅበትም ብላ ልታመልጥ ሞክራ ነበር። ህሊና መዳፏን አላጥፍ ስትል ጊዜ «እንግዲህ ጥርስሽ ደህና ሆኖ ይብቀል» ብላት ወረደች። ለእሱም አሚን ተባለ።

አዛውንቱ ከመውረዳቸው በፊት የጠየቁኝን ግን ዘለልኩት፤ ናስርን አትዝለል ያልኩት እኔው።

«ይህችን ልጅ ማን አሳደጋት?» አሉኝ።

«እናቴ፤ መርሳ ናቸው» አልኩ፤ ጎረቤቴ ማለት አልሆነልኝም።

«እንግዲያ እሳቸውም መርቀው ሸኝተዋችኋላ።»

«አዎ» አልኩ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ እስከ ወልድያ መስኮቱን ሳይ ሄድኩ።

እማማ፣ ወልድያ ጠቅልለን ልንገባ ዕቃውን ባለቤቴ ደሳለኝ ጥቂት በጥቂት ሲያወጣ ቤቱን ልናስቀባ ነው አልኩዎት። እርስዎም አምነውኝ፣ አልጋው ከእኔ ግቢ ይደር አሉኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ለሁለት ቀን ነው የምንሄደው ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ሽምብራ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረው ሰጡኝና ደፉ ላይ ቆመው መዳፍዎን ዘረጉ። ህሊናም ጀርባዬ ላይ ሆና ዘረጋች። በውሸት ላይ ምርቃት መቀበል ፈራሁና መኪና ያመልጠናል ብዬ ሮጥኩ። እየወደድኩዎት እንዴት ልንገርዎት ብዬ ነው ብል ያምርልኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ፈሪ ነኝ። ፊትዎን ማየት ፈርቼ፣ ከእኔ አፍ መስማት የሚገባዎትን ከአከራያችን እንዲሰሙ አደረግሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው ሁሉ ስትለምን የነበረው እርስዎ የጀመሩላትንና እኔ ያስጣልኳትን ይመስለኛል። አሁንም ወልድያ ከቤት በወጣን ቁጥር ደፉ ላይ ቆማ መዳፏን ትዘረጋለች። እኔ እመርቃታለሁ፤ እርስዎ ሲሉ የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር እላለሁ። አሚን አትለኝም። ወደ መንገዱ እያየች ቆማ ትጠብቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንመጣለን። መኪናውን ሙሉ ሰላም ሳትል ስለማታስነሳን ልንዘገይ እንችላለን። በርዎን ቢዘጉብንም ከደጃፍዎ አንነሣም። መቆጣት ካለብዎት እኔን እስኪበቃዎ ይቆጡኝ። ምርቃቱ ለእኔ ቢቀር ይቅር፤ ለእሷ ግን ከጀመሩበት ይጨርሱላት።

ከደጃፍዎ ሮጣ ያመለጠችው ልጅዎ፣
ማርታ