የሊቀመንበሩ ዶሮና የእኔ ዘንዶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

አቃጥላታለሁ አለ። በሕዝብ ፊት። ከቆሻሻ ጋር!

ኅዳር ሲታጠን ነውና የቀበሌው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን ሲጠርግ፣ ገለባና ቡትቶ ሲያነድ ዋለ። ከተማው በሙሉ ጭስ ነበር። እኔም ዓይኔ እያለቀሰ ቅጠል ስጎትት ሊቀመንበር ደምሌ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ንግግር ጀመረ። ስለ ንጽሕና፣ ስለ በሽታ፣ ከዚያ ስለ እኔ። «ከሁሉ የከፋው ቆሻሻ የባዮሎጂ መምህርቷ ቤት መሶብ ውስጥ ተጠምጥሞ ተኝቷል። ዶሮዬን የበላው እሱ ነው። እስከ ዓርብ የመንግሥት ፈቃድ ካላሳየች አውጥተን እዚሁ እናነደዋለን» አለ። ሰው አጨበጨበ። ተማሪዎቼም አጨበጨቡ። ማን ማን እንዳጨበጨበ አይቻለሁ።

ዘርፌ ዘንዶ ናት፣ ገና ልጅ። አርባ ምንጭ ሳስተምር ከእንቁላል እንደወጣች አገኘኋት፤ ምደባዬ ወደዚህ ሲዞር መሶብ ውስጥ ከትቼ በአውቶቡስ አመጣኋት። ውፍረቷ የእጄን አንጓ አያክልም። አይጥ ትበላለች፣ እሱንም ስንት ቀን ቆይታ። የደምሌን ዶሮ ልዋጥ ብትል አንገቷ ላይ ቀርታ ትሞታለች። የደብረ ታቦር ብርድ ስለማይስማማት ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ አጠገቧ አስተኛለሁ። እዚህ ዘመድ የለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ክንዴ ላይ ወጥታ የምትሞቀኝ እሷ ብቻ ናት።

አልምረውም። ይህን ጽፌ ልተኛ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ጎረቤቴ እማማ ጠጅቱ መጡ። እባብ ሲባል ያማትባሉ፤ ግን ጎተራቸው ሥር በወጥመድ የያዙትን አይጥ በጅራቱ አንጠልጥለው የሚያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። «ልጄ፣ ጠላትሽ ሹም ነው። ጎንበስ ብለሽ አሳልፊው» አሉኝ። «አንቱ ቢሆኑ ያሳልፉት ነበር?» አልኳቸው። በድንበር ከተጣሉት ከባላቸው ወንድም ጋር ስንት ዘመን ሰላም እንዳልተባባሉ አገር ያውቃል። ሳቅ አሉና ወጡ።

ከሰዓት በኋላ እርሻ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው የዱር አራዊቱን ደንብ አውጥቶ አነበበልኝ። ለትምህርት ከሆነ ባለሙያ አይቶ ሊፈቅድ ይችላል። ባለሙያው ነገ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ ያስጠራውም ደምሌ ራሱ ነው። እሺ። ተነሥቼ ልወጣ ስል ጸሐፊው ማንበቡን ቀጠለ። ለካ ክልክሉ ሕያው አውሬ ብቻ አይደለም። ቆዳም ነው! ያለ ፈቃድ የነብር ቆዳ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ከእኔ እኩል ጥፋተኛ ነው።

ደምሌ ቤት ደግሞ የነብር ቆዳ አለ። ሚስቱ ጥሩወርቅ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዬ ናት፤ እሷ ናት ያጫወተችኝ። አባቱ ጋይንት በረሃ የገደሉት ነው። ፊውዳል እንዳይባል ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል፤ አልፎ አልፎ እያወጣ ይደባብሰዋል።

ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገ፦
ጥሩወርቅ ዘንድ በጠዋት መድረስ።
እንግዳው ምሳ የት እንደሚበላ ማጣራት። (የት ይበላል፣ ሊቀመንበሩ ቤት ነዋ!)
አፌን መጠበቅ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ደምሌ በስብሰባ «እኔ ጾም የሚባል አላውቅም» ይላል፤ ቅበላ ግን አይስትም። በግ አርዷል።

«ሽንኩርት ልላጥልሽ» ብዬ ገባሁ። ጥሩወርቅ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ደስ አላት፤ ባሏን ልለምን የመጣሁ መስሏታል። እየላጥን «እንግዳችሁ የተማረ ሰው ነው አሉ። የዱር አራዊት ነገር ነፍሱ ነው። ባዶ መደብ ላይ ልታስቀምጡት ነው?» አልኳት። አንድ ቃል አልዋሸሁም። እሷ ወዲያው ባሏ ዘንድ ሮጠች። በዚህ አገር እንግዳ ፊት ማነስ ከሞት ይቆጠራል፤ ሹምም ሆነ ድኻ ያለውን ክቡር ነገር አውጥቶ ያነጥፋል። የሣጥኑ ቁልፍ ሲዞር ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት።

ተመልሳ ስትመጣ እግረ መንገዷን «ያ ዶሮ ለካ የሸለምጥማጥ ሥራ ኖሯል፤ ትናንት ደግሞ ሲገባ ደምሌ ራሱ ገደለው» አለችኝ።

ትናንት! ያውቃል ማለት ነው። አውቆ አንድ ሰው ወደ እኔ አልላከም። ያን ጊዜ «ቆዳውን መልሱት» ብል ይደርስ ነበር። አላልኩም። ሽንኩርቴን ላጥኩ።

በምሳው ላይ እጅ ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ባለሙያው ሰሎሞን ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ። ቆዳው ላይ ከመቀመጡ በፊት ጸጉሩን ዳበስ አደረገ፤ ደምሌ ግን አድናቆት መስሎት ደረቱን ነፋ። ወጥ ልጨምር ጓዳ ስመለስ የእኔ ስም ሲነሣ ሰማሁ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ተበላ፣ ተመሰገነ፣ እጅ ተታጠበ። ከዚያ ሰሎሞን በዝግታ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የዚህ ፈቃድ አለዎት?» አለ።

ያን ፊት! «የአባቴ ነው እኮ» አለ ደምሌ፤ ደግሞም «የአባቴ ነው» አለ። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ቆዳው ተጠቅልሎ ወጣ። ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ሰሎሞን በጠዋት መጣ። ዘርፌን አወጣት፣ እንደሚያውቅ ሰው ያዛት። ዓይኗን አየ፣ ቆዳዋን አየ። «እንዴት ነው በዚህ ብርድ ያቆዩዋት? ጤነኛ ናት» አለኝ። ለትምህርት እንደምጠቀምባት፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ፈቃዱ ነገርኩት። ልቤ ከፍ ብሎ ነበር።

ዘርፌን ወደ መሶቧ መለሳት። ከዚያ «ትናንት የአንዱን ቆዳ ነጥቄ ዛሬ ለእርስዎ ሕያው ብተው፣ ይህ ሕዝብ ምን ይለኛል? ሕጉ ሠራ ካልን ለሁሉም ነው የሚሠራው» አለ።

ለመንኩት። እኔ፣ ጎንበስ አልልም ያልኩት ሰው፣ ለመንኩት።

«ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ባልደረባ አለኝ፣ እዚያው አባያ ሐይቅ ዳር ይለቃታል» ብሎ ማለልኝ። ጠርሙሱን አሙቄ፣ በጋቢው ጠቅልዬ መሶቡ ውስጥ አስገባሁ። ላንድሮቨሩ ኋላ ላይ የደምሌ ቆዳና የእኔ መሶብ ጎን ለጎን ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ገበያ ወጣሁ። በደምሌ የማይስቅ የለም። «እባብ ሊያስይዝ ነብሩን አስያዘ» ይላሉ። ትናንት ከቤቱ አልወጣም አሉ። አባቱ ከሞቱ በኋላ የቀረለት ያ ቆዳ ብቻ ነበር አሉ።

ደስ ብሎኛል። ይበለው። እንደ ልማዴ ለጠርሙሱ ውሃ ጣድኩና አፍልቼ ደፋሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 17

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደምሌ መንገድ ላይ አገኘኝ። ብቻውን ነበር። ይሰድበኛል ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ፣ ሦስት ዓይነት። አልተሳደበም። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ምሳው ላይ ‹ዶሮዬን የበላው ሸለምጥማጥ ኖሯል፤ የመምህርቷን ተውላት፣ ለልጆቹ ማስተማሪያ ትሁን› ብዬው ነበር። እሺ ብሎኝም ነበር፤ ስለ ቆዳው ከመናገሩ በፊት» አለኝ። ቀጥሎ «ደህና ዋይ፣ መምህርት» ብሎኝ ሄደ።

ውሸቱን ነው። ሊያቃጥለኝ ብሎ ነው።

ውሸት ከሆነ በቀል ከእኔ ይልቅ ያውቅበታል ማለት ነው። ግን ሐሙስ ስሜን ሲያነሡ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ምን እያሉ ነበር?

ጥሩወርቅ እዚያው ነበረች፤ እሷ አትዋሸኝም። ልጠይቃት ተነሥቼ በራቸው ድረስ ሄድኩ። እጄን ለማንኳኳት አነሣሁ፣ ከውስጥ ድምጿን ሰማሁ። ተመለስኩ።

«አዎ፣ ብሏል» ብትለኝስ?