ስምንቱን ዐሥራ ስድስት ስላደረጉት ኃላፊና ስለ ቦና ቀኝ እጅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ሣህሉ፣ ለክብሩ ስል ስሙን ለማልጠራው ወረዳ የመሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ ከነዐሥሩ ጣቶችዎም ጭምር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የኮምፒውተር ባለሙያዎ አብሳሎም፣ ካለፈው ዓርብ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እጄም በራሱ ጊዜ እየተጨበጠ አስቸግሮኛል። ቢሮዎ ገብቼ በቃል ብናገር ግንባርዎን በሰርቨሩ ክዳን እንዳልፈነክተው ስለሰጋሁ፣ በጽሑፍ መምጣቴን እንደ ትልቅ አክብሮት ይቁጠሩልኝ።

፩. ሁለቱ ባለ ስምንት ቴራባይት ዲስኮች የመጡ ለት «በቀድሞው አሠራር ይከፋፈሉ» ብለው ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። የቀድሞው የክፍፍል ሰንጠረዥ ከሁለት ቴራባይት በላይ ማየት እንደማይችል ባስረዳዎትም፣ መመሪያ መመሪያ ነው አሉ፤ ዲስኩ ሁለት ብቻ ሲያሳይ ደግሞ «ስድስቱን የት አደረስከው?» ብለው ጥበቃዎች በር ላይ ቦርሳዬን እንዲበረብሩ አደረጉ። በምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከሽሮ በቀር ምንም ባለመገኘቱ ዛሬም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ከዚያ በኋላ በአዲሱ ሰንጠረዥ ከፋፍዬ፣ ዲስክ የሚያጣምር ልዩ ካርድ ሳላስገዛ፣ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ብቻ ሁለቱን ዲስኮች አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲጽፍ አድርጌ አጣመርኳቸው። ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ገበሬዎች የቡና ማሳ ወሰን በሙሉ እዚያ ነበር፤ የወረቀቱን መዝገብ ምስጥ ስለጨረሰው ሌላ ቅጂ አልነበረንም። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይናገራል ብዬ ተኝቼ አድር ነበር።

የንብረት ቆጠራ ኮሚቴዎ ግን መጣ። ዐሥራ ስድስት ቴራባይት ተገዝቶ ስምንቱ ብቻ ሥራ ላይ መዋሉን ደርሶበት፣ «አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ የሀብት ብክነት ነው» ሲል ቃለ ጉባኤ ያዘ። እርስዎም ዲስኮቹ ተቀጥለው እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ እንዲሠሩ አዘዙ። እንዲህ ከሆነ የእያንዳንዱ ካርታ ግማሽ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይቀመጣል፣ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል ብዬ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። በጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይፈጸም» አሉበት። አቅምን በእጥፍ በማሳደግዎ የተሰጠዎት የምስክር ወረቀት ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሎ ሳየው እጄ ይጨበጣል። አልዋሽዎትም፤ ትእዛዙን የጻፉት እርስዎ ይሁኑ እንጂ ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህም ከእርስዎ ቀጥሎ መምታት የምፈልገው ራሴን ነው።

፫. በክረምቱ መብራት ሄድ መጣ ሲል አንደኛው ዲስክ ሞተ። ለሁለት ወር ባለጉዳይን ሁሉ «ሲስተም የለም» እያልን እንድንመልስ በቃል ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ከሰርቦ መንገድ ገበሬዎች አንዱ የሆነው ቦና ስድስት ጊዜ መጣ። ከጎረቤቱ ከኢርፋን ጋር የሚጣላባት አንዲት መስመር ቡና ናት፣ ሠላሳ እግር ብትሞላ ነው። ስድስት ጊዜ ዓይኑን እያየሁ ሲስተም የለም አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ቡናው መቅላት ጀምሮ ነበርና ሁለቱም ቅርጫት ይዘው እዚያችው መስመር ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱም ገጀራ ይዘዋል። የቦና ቀኝ እጅ ከአንጓው ተቆርጦ ቡናው ሥር ወደቀ። ሚስቱ ሶረቲ እጁን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ይሰፋ ይሆናል ብላ ይዛው ሐኪም ቤት ደረሰች፤ አልተሰፋም። ኢርፋን ታስሯል፣ ቤቱም ተቃጥሏል። የቦና ሁለት ልጆች የኢርፋንን ወንድሞች ካልገደልን እህል አንቀምስም ብለው ጫካ ገብተዋል። ልጠይቀው ብሄድ ቦና «ማሎ፣ እባክህ አብሳሎም፣ ወረቀቱ ይውጣና ልጆቼ ቤት ይግቡ» አለኝ። ከተቆረጠ እጁ ይልቅ ይህን ሲለምነኝ ነው ያለቀስኩት።

እርስዎ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ ሰብሳቢውም ያው የንብረት ቆጠራው ሰብሳቢ ናቸው። ዲስክ አልለምንዎትም፣ የሞተው ሞቷል። የምለምንዎት ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ ሁለት ቀያሾች ልከው ያቺን መስመር ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ዳግም እንዲያስለኩልኝ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ የቦናን ልጆች በልመና ማቆየት የሚችሉት እስከ እሑድ ነው ብለውኛል።

እጅዎን ከነምስክር ወረቀትዎ ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ከማይለየኝ አክብሮትና ከማይበርድልኝ ንዴት ጋር፣

አብሳሎም ዮኤል፣ ከቦሳ አዲስ ቀበሌ

ግልባጭ፦
ለቦና፤ በግራ እጁ መፈረም እስኪለምድ በአድራሻው ይቀመጥለት።

ማሳሰቢያ፦ ከጅሬን ኮረብታ ሥር ያለው የእርስዎ የቡና ማሳ ካርታም እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ጎረቤትዎ ትናንት ቢሮ መጥቶ የእርስዎ ወሰን እስከ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም በታዘዝኩት መሠረት «ሲስተም የለም» አልኩት። ገጀራውን ብብቱ ሥር እንደያዘ፣ በጣም አመስግኖኝ ሄደ።